ጭራቁ መሣሪያውን ሲነጠቅ በባዶ እጁ እንዴት ይዋጋል?

ሃያ ጎን

ሰላም ለሁላችሁ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም በምናብና በዳይስ የሚካሄደውን የጀብዱ ጨዋታ፣ አምስተኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ማለቴ ነው፣ ከአራት ጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ፤ የጨዋታው መሪ፣ ማለትም ጭራቆቹን የማንቀሳቅሰው፣ እኔ ነኝ። ባለፈው ጊዜ የገጠመኝ ችግር መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ መጽሐፉን ገልጬ ሳነብ ግን ጭራሽ ተወሳሰበብኝ። ስለዚህ ከእኔ የበለጠ ልምድ ያላችሁ አባላት ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተጫዋቾቼ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ ኦግር ከተባለ ግዙፍ፣ የሰው ቅርጽ ያለው ጭራቅ ጋር ገጠሙ። ኦግሩ የሚወረውራቸውን ጦሮች ጨርሶ በቆመጡ መፋለም ከጀመረ በኋላ ተዋጊው (አንዱ ተጫዋች የሚመራው ገጸ ባሕርይ) መሣሪያ የሚያስጥለውን ስልት ተጠቀመበት፤ ኦግሩ ስልቱን ለመቋቋም የሚወረውረው ዳይስ (የመቋቋም ውርወራ) ስላልሰመረ ቆመጡ ከእጁ ወደቀ። ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን ተራዋ ከእሱ የቀደመው ካህን ቆመጡን አንሥታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያ ሁሉ ቁመትና ክብደት ያለው ፍጡር ባዶ እጁን ቀረ።

በመጽሐፉ ያለውን የጭራቁን መግለጫ ስመለከት ኦግር በቆመጥ ሲመታ የሚያደርሰው ጉዳት 2 ባለ 8 ጎን ዳይስ ሲደመር 4 ነው፤ በአማካይ 13 ይሆናል። ስለ ቡጢ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ስለዚህ ለሁሉም ፍጡር ወደሚሠራው የባዶ እጅ ደንብ ሄድሁ፤ እሱም 1 ሲደመር የጉልበት ጭማሪ (ከጉልበት ነጥቡ የሚመጣው ተደማሪ) ይላል። የኦግሩ የጉልበት ጭማሪ 4 ስለሆነ ጉዳቱ 5 ሆነ፤ ዳይስ እንኳ አይወረወርለትም። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ ተዋጊውም «በሉ እንግዲህ እንደ ልቡ ይምታኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የፍልሚያው ፍርሃት ፈጽሞ ጠፋ፤ የቀረው ጊዜ አንድን በሬ ተረጋግቶ እንደማረድ ሆነ።

ማወቅ የምፈልገው በመጀመሪያ ደረጃ ደንቡን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ነው። ከተረዳሁትም፣ እናንተ በየጨዋታችሁ ትልልቅ ጭራቆች ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ምን ታደርጋላችሁ? በተጨማሪም ጭራቆች ሰውን ጨብጠው ስለመያዛቸው የተጻፈው ደንብ ለእነሱም እንደ ተጫዋቾቹ የሚሠራ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለምሳሌ ተኩላ ወይም እባብ በየትኛው እጁ ይይዛል?

ደንብ አንባቢ

ሰላም ሃያ ጎን። ስሌትዎ ትክክል ነው። በ2014ቱ እትም ማንኛውም ፍጡር በቡጢ፣ በእርግጫ ወይም በግንባሩ ሲመታ የሚያደርሰው ጉዳት 1 ሲደመር የጉልበት ጭማሪው ነው፤ ለመምታት በሚወረውረው ዳይስ ላይም የብቃት ጭማሪውን፣ ማለትም ከልምዱ የሚያገኘውን ተደማሪ፣ ይደምራል። ስለዚህ ኦግርዎ ለመምታት በቆመጡ ጊዜ የነበረው ተደማሪ 6 ባዶ እጁንም ሲሆን 6 ነው፤ የሚቀንሰው ጉዳቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የባዶ እጅ ምትና የተፈጥሮ መሣሪያ አንድ አይደሉም። በጭራቁ መግለጫ ላይ ንክሻ፣ ጥፍር፣ ቀንድ ወይም ምት ተብሎ የተጻፈ ጥቃት ካለ እሱ ራሱን የቻለ መሣሪያ ስለሆነ የራሱ ዳይስ አለው፤ የ1 ሲደመር ጉልበት ደንብ ፈጽሞ አይነካውም። የበሬ ራስ ያለው ጭራቅ ሚኖታውር መጥረቢያውን ቢያስጥሉት ቀንዱ አለ፤ በቀንዱ ሲወጋ 2 ባለ 8 ጎን ዳይስ ሲደመር 4 ነው፤ ማለትም የእርስዎ ኦግር በቆመጥ የሚያደርሰውን ያህል። ድቡን ወይም ባለ ጥፍሩን ጭራቅ ትሮልንማ ማን መሣሪያ ያስጥለዋል? ችግሩ የሚፈጠረው እንደ ኦግርና እንደ ግዙፋኑ ባሉት፣ የሰው ቅርጽ ባላቸውና መግለጫቸው የሚይዙትን መሣሪያ ብቻ በሚጠቅስላቸው ላይ ነው።

ጨብጦ ስለመያዝ ለጠየቁት፣ አዎን፣ ደንቡ ለጭራቆችም ይሠራል። በ2014ቱ እትም ያዡ በጉልበት፣ ተያዡ በጉልበት ወይም በቅልጥፍና ዳይስ ወርውረው ይወዳደራሉ፤ እኩል ከሆኑ አልተያዘም። የሚያዘው ፍጡር ከያዡ ከአንድ የመጠን ደረጃ በላይ መብለጥ የለበትም። በ2024ቱ እትም ይህ ተቀይሮ፣ ተያዡ በጉልበት ወይም በቅልጥፍና የመቋቋም ውርወራ ያደርጋል፤ ማለፊያ ቁጥሩም 8 ሲደመር የያዡ ጉልበትና የብቃት ጭማሪ ነው። ለኦግር 14 ይመጣል ማለት ነው።

በሁለቱም እትሞች ግን ያዡ ቢያንስ አንድ ነጻ እጅ ሊኖረው ይገባል የሚል ቃል አለ። እንግዲህ ተኩላ እጅ የለውም፤ በዚህ ደንብ ማንንም ሊይዝ አይችልም። ለዚህም ነው ተኩላው ነክሶ የመጣል፣ አዞው ነክሶ የመያዝ ችሎታ በየራሳቸው መግለጫ ለብቻ የተጻፈላቸው። አዞው ንክሻው ከተሳካ ያለ ተጨማሪ ውድድር ይይዛል፤ ተያዡም ለማምለጥ 12 ማምጣት አለበት። ጠቅላላው ደንብ የተጻፈው ሁለት እጅና ሁለት እግር ላለው አካል ነው፤ ከዚያ ለወጣ አካል መግለጫውን ብቻ ይመኑ።

የድሮ መሪ

ይህ ጥያቄ ከጨዋታው ጋር አብሮ ያረጀ ስለሆነ የመጣበትን መንገድ ማስታወስ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ሃያ ጎን ለምን አንድ መስመር ብቻ የሆነ ደንብ እንደደረሳቸው ያኔ ይገባቸዋል።

ጨዋታው በ1974 ሲወጣ የባዶ እጅ ፍልሚያ ብዙም አላሳሰበውም። በ1979 የወጣው የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ ግን ነገሩን በሦስት ከፈለው፦ መደብደብ፣ ጨብጦ መታገልና በክብደት ተጭኖ መጣል። እያንዳንዱ በመቶኛ የሚወረወርበት የራሱ ሰንጠረዥ፣ እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ደግሞ የራሱ የተደማሪና የተቀናሽ ዝርዝር ነበረው። አንድ ሰው ጎብሊን የተባለውን ትንሽ ጭራቅ አንገቱን ለመያዝ ሲል ሌሎቹ ተጫዋቾች ተነሥተው ውኃ ጠጥተው ይመለሱ ነበር። እኔ ራሴ ያን ገጽ በዕልባት ለይቼ ይዤው፣ ከሁለት ጊዜ በላይ የተጠቀምሁበት አይመስለኝም። በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ደግሞ ለመምታት የወረወሩት ቁጥር ራሱ የቡጢውን ዓይነትና ራስ የማሳት ዕድሉን ከሰንጠረዥ ይነግርዎት ነበር። ለመሳቂያ ጥሩ ነው፤ ለጭራቅ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ሰንጠረዡ የሚያስበው በሁለት ሰዎች መካከል ስለሚደረግ ጠብ ነበር።

በ2000 ሦስተኛው እትም ሲመጣ ጭራቆች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ታሰቡ። በትግል ጊዜ መጠን ራሱ ቁጥር ሆነ፤ ከሰው አንድ ደረጃ በበለጡ ቁጥር 4 እየተደመረ እስከ 16 ይደርሳል። በ2003 በተሻሻለው እትም ላይ የኦግር የትግል ቁጥር 12 ነበር፦ 3 ከልምዱ፣ 5 ከጉልበቱ፣ 4 ከግዝፈቱ። በሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ጠንካራ ተዋጊ ቢበዛ 6 ወይም 7 ቢኖረው ነው። ስለዚህ ኦግር አንድን ሰው ከያዘ ያዘ ነው፤ ያኔ ማንም አልሳቀበትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር፦ ለመያዝ መጀመሪያ የመንካት ውርወራ፣ ከዚያ በፊት ተቃዋሚው የሚያገኘው ነጻ ምት፣ ከዚያ በኋላ የትግል ውድድር፣ ከዚያ ደግሞ ተይዞ ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚዘረዝር ገጽ። ተጫዋቾች ትግሉን የሚሸሹት ስለሚከብድ ሳይሆን ስለሚረዝም ነበር። በ2009 የመጣው፣ ከሦስተኛው እትም የተወለደው ፓዝፋይንደር የተባለ ጨዋታ ይህን ሁሉ በሁለት ቁጥሮች፣ በማጥቂያና በመከላከያ፣ ጠቀለለውና ትልቅ እፎይታ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ያ በመጠን ብዙ የተጨነቀው ሦስተኛ እትም እንኳ ለኦግር ቡጢ የሚሰጠው 1 ባለ 4 ጎን ዳይስ ሲደመር ጉልበቱን ነበር፤ ያውም ለሞት የማያበቃ ጉዳት፤ ባዶ እጁን የሚመታም ያልታጠቀ ስለሚባል ጠላቱ ነጻ ምት ያገኝበታል። ስለዚህ የ2014ቱ ጸሐፊዎች ኦግሩን አላዋረዱትም፤ ያንን ውርደት ወርሰው አሳጠሩት እንጂ።

ባለ አራት ጎን

ታሪኩን ስላካፈሉን የድሮ መሪን አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ተቃርኖ ስለሆነ በመጽሐፉ ሊፈታ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ዞምቢን ውሰዱ። የሰው መጠን ያለው፣ የፈራረሰ፣ ከጭራቆች ሁሉ ደካማ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ምቱ ግን 1 ባለ 6 ጎን ዳይስ ሲደመር 1፣ በአማካይ 4 ያህል ነው። ጦጣውን ውሰዱ፤ እሱም የሰው መጠን ያለው ነው፤ በቡጢው 1 ባለ 6 ጎን ዳይስ ሲደመር 3፣ በአማካይ 6 ያደርሳል። ግዙፉ ጦጣ ደግሞ በእያንዳንዱ ቡጢ 3 ባለ 10 ጎን ዳይስ ሲደመር 6፣ በአማካይ 22 ይመታል። እንግዲህ መጽሐፉ ቡጢ ዳይስ እንደሚገባው ያውቃል፤ ለኦግር ያልጻፈለት ቆመጡን ይጥላል ብሎ ስላላሰበ ብቻ ነው። ከጦጣ የሚበልጥ ጉልበትና መጠን ያለው ፍጡር ከጦጣ ያነሰ ቢመታ ስሕተቱ የአጋጣሚ ነው፤ እንደ ሕግ ልናከብረው አይገባም።

እኔ የምጠቀምበት መፍትሔ አጭር ነው። የጨዋታ መሪው መጽሐፍ ትልቅ ጭራቅ የያዘው መሣሪያ ዳይሱ እንዲታጠፍ፣ ከዚያ የሚበልጠው ጭራቅ ደግሞ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይመክራል፤ የኦግር ቆመጥ 2 ዳይስ፣ «የኮረብታ ግዙፍ» የተባለው ጭራቅ ቆመጥ 3 ዳይስ የሆነውም በዚህ ነው። ለመሣሪያነት ያልተሠራ ዕቃ ደግሞ 1 ባለ 4 ጎን ዳይስ ነው። ስለዚህ የትልቅ ጭራቅን ቡጢ እንደ አንድ ያልተሠራ ዕቃ እቆጥረውና በመጠኑ አባዛዋለሁ። ኦግር 2 ባለ 4 ጎን ዳይስ ሲደመር 4፣ በአማካይ 9 ይሆናል። የኮረብታ ግዙፍ 3 ባለ 4 ጎን ዳይስ ሲደመር 5፣ በአማካይ 12 ይሆናል።

ይህ ቁጥር የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ኦግር በቆመጥ 13፣ በተጻፈው ደንብ 5፤ የእኔ 9 በትክክል መካከላቸው ነው። የኮረብታ ግዙፍ በቆመጥ 18፣ በተጻፈው ደንብ 6፤ የእኔ 12 አሁንም መሐል ላይ ነው። ከዚህ በላይ የሚያረካኝ ግን ሌላ ነው። ጭራቆችን ለመሥራት በወጣው ሰንጠረዥ በአንድ ዙር ከ9 እስከ 14 የሚያደርስ ጭራቅ በአንደኛ የአደጋ ደረጃ (ጭራቁ ምን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን በሚለካው ቁጥር) ጥቃት ይመደባል፤ 4 ወይም 5 የሚያደርስ በሩብ ደረጃ። ኦግር 13 ሲመታም 9 ሲመታም በአንድ መስመር ላይ ይቆያል፤ 5 ሲመታ ግን ከዞምቢ ጎን ይሰለፋል። የሃያ ጎን ተጫዋቾች የሳቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭራቁ በአንድ ምት ሁለት ደረጃ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ ከዚያም ወደ ሩብ፣ ወርዷል።

ደንብ አንባቢ

የባለ አራት ጎን ስሌት ጥሩ ነው፤ አንድ ተቃውሞ ግን አለኝ። ተዋጊው መሣሪያ ለማስጣል ያለውን ውስን የስልት ዳይስ ከፍሏል፤ ከዕረፍት በፊት አራት ብቻ ነው ያለው። ቆመጡን አስጥሎ የሚያገኘው ጥቅም በየምቱ 4 ነጥብ ብቻ ከሆነ ስልቱን መግዛቱ ለምን አስፈለገው? ተጫዋች በብልሃት ያገኘውን ነገር የጨዋታ መሪ በጓሮ በር መልሶ ሲወስድበት ያውቃል፤ ያስታውሳልም።

ባለ አራት ጎን

ተገቢ ተቃውሞ ነው። ሆኖም ያ ስልት ዳይሱን በጉዳቱም ላይ ስለሚደምር ተዋጊው ባዶ እጁን አልቀረም። ከዚህም ሌላ ኦግሩ ቆመጡን ለማስመለስ ካህኗን ማሳደድ ይኖርበታል፤ የፍልሚያውን አቅጣጫ የወሰኑት ተጫዋቾቹ ሆኑ ማለት ነው። ደግሞም ከ13 ወደ 9 መውረድ ማለት ከሦስት ምት አንዱን እንደማስቀረት ነው፤ ለአንድ ዳይስ ርካሽ አይደለም። እርስዎ የሚሉት ችግር በእርግጥ የሚመጣው ቁጥሩን ፍልሚያው መሐል ላይ ሲፈጥሩት ነው። እኔ ደንቡን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ለተጫዋቾቼ ስለምነግራቸው ማንም ተታለልሁ ብሎ አያውቅም።

ሰንጠረዥ ጠሊታ

ሁላችሁም ስለ ቡጢ ጉዳት ስትከራከሩ ኦግሩ ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው። ለመሆኑ መሣሪያ ያጣ ባለ 19 ጉልበት ፍጡር ለምን በቡጢ ይማታል? ሃያ ጎን፣ የእርስዎ ፍልሚያ የሞተው 5 ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ሳይሆን ኦግሩ ሌላ ነገር ማድረግ ስላላሰበ ይመስለኛል።

ቦታው የፈረሰ ምሽግ ነው ብለውናል። እንግዲህ የወደቀ የጣሪያ ግንድ አለ። ደንቡ ለመሣሪያነት ያልተሠራ ዕቃ ከአንድ የታወቀ መሣሪያ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ እንደዚያው መሣሪያ እንዲቆጠር ይፈቅዳል፤ በኦግር እጅ የገባ ግንድ ደግሞ ቆመጥ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ኦግር በአንድ ተራ 40 ጫማ ይሄዳል፤ ግንዱን ማንሣት እርምጃ፣ ማለትም በተራው የተፈቀደለትን ዋና ድርጊት፣ አይፈጅበትም፤ በዚያው ተራ በ2 ባለ 8 ጎን ዳይስ ይመታል። ምንም አዲስ ደንብ አላወጣችሁም። የሰረቃችሁት ነገርም የለም፤ ምክንያቱም ተጫዋቾቹ አንድ ተራ አግኝተዋል፤ ብልሆች ከሆኑ ደግሞ በግንዱና በኦግሩ መካከል ይቆማሉ።

ግንድ ከሌለ ሰው አለ። ጨብጦ መያዝ በ2014ቱ እትም የተያዘውን ፍጥነት ዜሮ ያደርጋል እንጂ ከመምታት አያግደውም፤ ብዙዎች ይህን አንብበው «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ጥቅሙ መጎተቱ ነው። ያዡ የያዘውን ይዞ በግማሽ ፍጥነቱ ይሄዳል፤ የያዘው ከእሱ በሁለት የመጠን ደረጃ ካነሰ ግን በሙሉ ፍጥነቱ ይሄዳል። ኦግር ሙሉ ሰውን 20 ጫማ ይጎትታል፤ ሃፍሊንግን (ከሰው በቁመት ያነሰ ፍጡር ነው) ግን በብብቱ ሸጉጦ 40 ጫማ ይሮጣል። በምሽጉ ውስጥ 30 ጫማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ካለ ወደዚያ መጣል 3 ባለ 6 ጎን ዳይስ ነው፤ በአማካይ 10 ከግማሽ። ጉዳቱ ከቆመጡ ያንሳል፤ ነገር ግን ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ሰው ለሁለት ዙር ከፍልሚያው ውጭ ነው፤ ጓደኞቹም ገመድ ይፈልጋሉ። በእኔ ጨዋታ ላይ አንድ ጊዜ ኦግር ሰርጎ ገብ የሆነውን የአንዱን ተጫዋች ገጸ ባሕርይ አንጠልጥሎ ወደ ጨለማው ኮሪደር ሲገባ ተጫዋቾቹ ያሳዩትን ድንጋጤ 13 ጉዳት አምጥቶልኝ አያውቅም።

የመያዝ ዕድሉም ቀላል አይደለም። በ2014ቱ ደንብ ኦግር በተደማሪ 4 ይወዳደራል። 2 ብቻ ተደማሪ ያለውን አስማተኛ ከ100 በ57 ያህሉ ይይዘዋል፤ በትግል የሠለጠነና ተደማሪው 5 የሆነን ተዋጊ ግን በ43 ያህሉ። ስለዚህ ኦግር ደደብ ነው ብላችሁ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ያለውን ተዋጊ አታስይዙት፤ ደደብ ቢሆንም የትኛው እራቱ ቀላል እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ ጊዜ በአንድ ተራ የሚመቱ ጭራቆች በዚህ ደንብ ይጎዳሉ። ትሮል በአንድ ተራ አንዴ ነክሶ ሁለቴ ይቧጭራል፤ ሁሉም ካረፉ በአማካይ 29 ነው። ይሁን እንጂ ይህ ተደጋጋሚ ጥቃቱ ራሱን የቻለ እርምጃ ስለሆነ፣ ደንቡ በፊደሉ ከተነበበ ትሮሉ አንድ ሰው ለመያዝ ሲል ሦስቱንም ጥቃት ይተዋል። ተዋጊ ተጫዋች ግን ከጥቃቶቹ አንዱን ብቻ በመያዝ ይተካል። እኔ ለትሮሉም እንደዚያው እፈቅዳለሁ፤ አንዱን የጥፍር ጥቃት በመያዝ ይተካ። ይህ ፍትሕ እንጂ ጭማሪ አይመስለኝም።

የድሮ መሪ

ከሰንጠረዥ ጠሊታ ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስለ ተያዡ አካል ትንሽ ልጨምር፤ ተጫዋቾች ይህ ነገር እንደሚሠራ ካዩ እነሱም በጭራቆቹ ላይ መሞከራቸው አይቀርምና። ደንቡ የሚጠይቀው መጠንን እንጂ ቅርጽን አይደለም። ሙትቻ መንፈስ የማይያዝ መሆኑ በመግለጫው ላይ ተጽፏል፤ የሚበሩና የሚሳቡ ነፍሳት መንጋም እንዲሁ። ያ የሚያሟሟ ዝልግልግ ኩብ ግን እንዳይወድቅ እንጂ እንዳይያዝ የተጻፈለት ነገር የለም። በፊደሉ ከሄዱ አንድ ተዋጊ ኩቡን «ጨብጦ» ባለበት ሊያቆመው ይችላል። አንድ ተጫዋቼ ይህን ጠየቀኝ፤ «እጅህን የት ላይ ታሳርፋለህ?» ብዬ መልሼ ጠየቅሁት፤ ጥቂት አሰበና ሐሳቡን ለወጠ። እባብን መጣልም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው እትም ከሁለት እግር በላይ ያላቸውን ለመጣል በሚደረገው ውድድር 4 ይደምርላቸው ነበር፤ አሁን ያ የለም፤ ስለዚህ ፍርዱ የእርስዎ ነው።

ሃያ ጎን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ በሌላ ፍልሚያ ሞከርሁት። በዚህ ጊዜ ሁለት ኦግሮች ነበሩ፤ ለተጫዋቾቼም የባለ አራት ጎንን የ2 ባለ 4 ጎን ዳይስ ደንብ አስቀድሜ ነገርኋቸው። ተዋጊው አሁንም የአንደኛውን ቆመጥ አስጣለ። ኦግሩ ግን ቡጢውን ከመሰንዘር ይልቅ አስማተኛውን ያዘው፤ በቀጣዩ ተራው መሬት ላይ ዘረረው። አስማተኛው ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ መነሣት አልቻለም፤ ሁለተኛው ኦግር ቀርቦ ሲመታው ሁለት ዳይስ እየወረወርሁ ትልቁን ወሰድሁ። ማንም አልሳቀም። አስማተኛው በ3 የሕይወት ነጥብ ተረፈ፤ እሱም ካህኗ ስለደረሰችለት ነው። የቡጢውን ደንብ የተጠቀምሁበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም አልመታም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ካህኗ የመጀመሪያውን ኦግር ቆመጥ አሁንም ተሸክማ ትዞራለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሷ ራሷ ልትዋጋበት ትፈልጋለች። 2 ባለ 8 ጎን ዳይስ ልስጣት?

ደንብ አንባቢ

ዳይሱን መስጠት ይችላሉ፤ ነገር ግን የጨዋታ መሪው መጽሐፍ ከራስ መጠን ለሚበልጥ አካል በተሠራ መሣሪያ የሚመታ ሰው ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትንሹን እንዲወስድ ያዛል። ቆመጥ ከቀላል መሣሪያዎች የሚመደብ ስለሆነ ካህኗ በአያያዙ ብቃት አላት። ሆኖም ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ጋሻ ከታጠቀች አስቀድማ ማውለቅ ይኖርባታል፤ ጋሻ ማውለቅ ደግሞ አንድ ሙሉ እርምጃ ይፈጅባታል።